ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ባዶ ሰማይ፦ ለአንዲት ሴት ስም የተሠራው የቻይና ፊደል

እርሳስና ወረቀት አቅርቡ። መጀመሪያ ቁመቱ ከወርዱ ትንሽ የሚበልጥ ሳጥን ሣሉ። መሃሉ ላይ አንድ አግዳሚ መስመር አስምሩ። ይህ በቻይንኛ ፀሐይ ነው። ከጎኑ፣ በስተቀኝ፣ ሌላ ሳጥን ሣሉ። የዚህኛው ወለል ግን ክፍት ነው፤ ውስጡም ሁለት አግዳሚ መስመሮች አሉት። ይህ ጨረቃ ነው። አሁን ከሁለቱ ሥር አናቱ ላይ ትንሽ ነጥብ ያለችበት ሰፋ ያለ ክዳን አድርጉ። ከክዳኑ ሥር ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተከፈቱ ሁለት አጫጭር እግሮች ይኑሩ። ከእግሮቹ ሥር ደግሞ ሁለት አግዳሚዎችን በአንድ ቋሚ መስመር አያይዙ። ይህ የታችኛው ክፍል ባዶ ቦታ፣ ጠፈር፣ ሰማይ ማለት ነው።

በ16 ጭረት አንድ ፊደል ጻፋችሁ። ፀሐይና ጨረቃ አንድ ላይ ሆነው ከባዶው ሰማይ በላይ ያበራሉ። ፊደሉ በዛሬው ቻይንኛ «ጃው» ተብሎ ይነበባል።

በቻይንኛ ጽሕፈት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፊደላት አሉ። በ1716 የታተመው የካንግሺ መዝገበ ቃላት ብቻ ከ47,000 በላይ ሰብስቧል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አብዛኞቹ ማን እንደጀመራቸው፣ መቼ እንደተጀመሩ አይታወቅም። እንደ ቃል ከሰው ወደ ሰው እየተላለፉ ነው የመጡት። ይህኛው ግን የልደት ቀን አለው ማለት ይቻላል። በ689 መጨረሻ ላይ በአዋጅ ወጣ። የወጣውም ለአንድ ሰው ስም ነው። ያቺ ሰው በቻይና ታሪክ በራሷ ስም በንጉሠ ነገሥትነት የነገሠች ብቸኛዋ ሴት ናት።

ዓለም የሚያውቃት ዉ ዘትየን በሚለው ስም ነው። በ624 ተወለደች። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች የታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት የታይዞንግ ዝቅተኛ ማዕረግ ያላት ቁባት ሆና ቤተ መንግሥት ገባች። እሱ በ649 ሲሞት እንደ ወጉ ወደ ገዳም ተላከች። ነገር ግን ልጁ ጋውዞንግ መልሶ አስመጣት፤ በ655 እቴጌ ሆነች። ባሏ በሕመም ሲዳከም መንግሥቱን አብራው መምራት ያዘች። በ683 ሲሞት ሁለቱ ልጆቿ በየተራ ዙፋን ላይ ተቀመጡ፤ ሥልጣኑ ግን ከእጇ አልወጣም። በ690 እነሱንም ወደ ጎን ብላ ራሷ ነገሠች። የታንግን ስም ለውጣ መንግሥቷን «ጆው» አለችው።

አማርኛ ለዚህ ጥሩ ቃላት አሉት። «እቴጌ» የንጉሥ ሚስት ናት። እሷ ከ690 ጀምሮ እቴጌ አይደለችም። የወሰደችው ወንዶቹ ነገሥታት የሚጠሩበትን «ኋንግዲ» የሚለውን ማዕረግ ራሱን ነው።

እንግዲህ አስቡት። የኮንፉሺየስ ትምህርት ሴት ዙፋን ላይ እንድትወጣ ቦታ አይሰጥም። የታሪክ መጻሕፍቱ በአባትና በልጅ የዘር ሐረግ የተሞሉ ናቸው። እሷን የሚደግፍ ያለፈ ምሳሌ አልነበረም። ስለዚህ ሌላ ቦታ ፈለገች። የቡድሃ መነኮሳት ሴት ገዥ እንደምትመጣ የሚናገር ቅዱስ መጽሐፍ ከነማብራሪያው አቀረቡላት፤ እሷም በየአውራጃው ገዳም እንዲሠራ አዘዘች። ከዚያ ቀደም ብላ ደግሞ እጇን ወደ ፊደሉ ሰደደች። በእኔ አስተያየት ከሁሉም ድፍረቷ ትልቁ ይኼ ነው። አዋጅ ይረሳል፣ ሐውልት ይፈርሳል። ፊደል ግን ሰው ሁሉ በገዛ እጁ ነው የሚጽፈው።

አዲሶቹን ፊደላት ያቀረበው ዞንግ ቺንከ የሚባል ዘመዷ ነው። በመጀመሪያው ዙር የወጡት 12 ያህል ናቸው፤ በኋላ ጥቂቶች ተጨምረዋል። ከነዚህ መካከል «ጃው»ን የራሷ ስም አድርጋ ወሰደችው። ከዚያ በኋላ ዉ ጃው ሆነች።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው።

የኛ ፊደል ድምፅን ይነግራል። «በ»ን ያየ ሰው ትርጉሙን ባያውቅም ያነበዋል። የቻይናው ፊደል ከሞላ ጎደል በተቃራኒው ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ትርጉም ያለው አንድ ቀለም ነው። አብዛኞቹ ከሁለት ክፍል ይሠራሉ፦ አንዱ የትርጉሙን ፍንጭ ይሰጣል፣ ሌላው የድምፁን። ለምሳሌ «ማ»፣ እናት ማለት ነው። ፊደሉ «ሴት» እና «ፈረስ» የሚሉ ሁለት ፊደላትን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ፈረሱ እዚያ የገባው ከእናት ጋር ጉዳይ ኖሮት አይደለም። ፈረስ በቻይንኛ «ማ» ስለሚባል ብቻ ነው፤ ድምፁን ሊያውስ ነው የመጣው።

ጥቂት ፊደላት ደግሞ ድምፅ የሚያውስ ክፍል የላቸውም። ሁለት ዛፍ ጎን ለጎን ሲቆም ጫካ ነው። ሰው ዛፍ ሥር ሲጠጋ ማረፍ ነው። ፀሐይና ጨረቃ ጎን ለጎን ሲሆኑ ብሩህ ማለት ነው፤ ይህኛው «ሚንግ» ይባላል።

ቻይንኛ «ማብራት» ወይም «ብርሃን መፈንጠቅ» የሚል ትርጉም ያለው የተለመደ ፊደል ነበረው፤ ዛሬም አለው። እሱም «ጃው» ነው የሚባለው። ያ የተለመደው ፊደል ከሥሩ እሳት አለው። ከላዩ በግራ ፀሐይ፣ በቀኝ ደግሞ «መጥራት» የሚል ትርጉም ያለው ሌላ ፊደል አለ። ይህ የመጨረሻው ድምፅ አዋሹ ነው፤ ራሱ «ጃው» ይባላል። ማለትም የተለመደውን ፊደል ያየ አንባቢ ድምፁን ለመገመት የሚይዘው ነገር ነበረው።

በአዲሱ የንግሥቲቱ ፊደል ውስጥ ድምፅ አዋሹ የለም። እሳቱም የለም። የቀሩት ፀሐይ፣ ጨረቃና ባዶ ሰማይ ብቻ ናቸው። ላይኛውን ክፍል ብቻ ብታነቡት «ሚንግ» ነው፤ የታችኛው ብቻውን «ኮንግ» ነው። «ጃው» የሚል ድምፅ በውስጡ የትም አታገኙም። እንዴት እንደሚነበብ ለማወቅ አንድ ሰው ሊነግራችሁ ይገባል። ያ ሰው ደግሞ የተማረው ከአዋጁ ነው።

ትርጉሙ ላይ ብዙ ተብሏል። ቀላሉ ንባብ፣ ፀሐይና ጨረቃ ሰማይ ላይ ሆነው ዓለምን ሁሉ እንደሚያበሩ እሷም እንደዚያው ናት የሚል ነው። ሌላም አለ። በቻይናውያን አስተሳሰብ ፀሐይ የያንግ፣ የወንድ ወገን ናት። ጨረቃ የዪን፣ የሴት ወገን ናት። ስሟ ሁለቱንም እኩል፣ ጎን ለጎን አስቀምጧል። ሴት ሆና የወንድ ዙፋን ለያዘች ሰው ይህ እንዲሁ የተጣለ ምርጫ አይመስለኝም። የታችኛው «ኮንግ» ደግሞ ለቡድሃ አማኝ ተራ ሰማይ አይደለም። በቡድሃ መጻሕፍት ውስጥ ከትልልቆቹ ትምህርቶች አንዱ የሆነውን ባዶነትን የሚያመለክተው ይኸው ቃል ነው። ከገዳም የወጣች፣ በመነኮሳት ድጋፍ የነገሠች ሴት ይህን ሳታውቅ አልቀረችም።

ወደ ድምፁ። «ጃው» ብዬ ስጽፍ እውነቱን በግማሽ ነው የሰጠኋችሁ። የመጀመሪያው ድምፅ እንደኛ «ጀ» ይምሰል እንጂ የምላስ ጫፍ ወደ ኋላ ታጠፍ ብሎ ነው የሚነገረው። ከዚያ የዜማው ነገር አለ። የዛሬው መደበኛ ቻይንኛ፣ ማንዳሪን፣ አራት ዜማዎች አሉት፤ ዜማው ሲለወጥ ቃሉ ይለወጣል። ያው «ማ» ከፍ ብሎ ሲዘረጋ እናት፣ ወደ ላይ ሲወጣ ቃጫ፣ ወርዶ ሲነሳ ፈረስ፣ ከላይ ወደ ታች ሲወድቅ መስደብ ይሆናል። እኛም ለጆሮ ብቻ የሚገለጥ ልዩነት አናጣም፤ የበዓሉ «ገና» እና «ገና አልመጣም» ስንል ያለው «ገና» አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፣ አንድ ዓይነት ግን አይነገሩም።

የንግሥቲቱ ስም አራተኛው ዜማ ነው፤ ከላይ ጀምሮ በፍጥነት የሚወድቅ። እናት ልጇ ምድጃ ሊነካ ሲል «ተው!» ብላ ስትጮህ ድምፅዋ እንደሚወድቅ አድርጋችሁ «ጃው!» በሉ። በጣም ትቀርባላችሁ።

ጥንታውያኑ ግን ድምፅ የሚያሳይ ፊደል ሳይኖራቸው እንዴት አድርገው ነው ድምፅ የሚመዘግቡት? ዘዴያቸው ያስደንቀኛል። የታወቁ ሁለት ፊደላትን ይወስዳሉ። ከመጀመሪያው አነሳሱን፣ ከሁለተኛው ቀሪውን ከነዜማው ይቆርጣሉ። የድሮዎቹ የግጥም ድምፅ መዝገበ ቃላት «ጃው»ን የሚያሳዩት «ጂ» እና «ሻው» በሚባሉ ሁለት ፊደላት ነው። ከ«ጂ» «ጅ»ን ውሰዱ፤ ከ«ሻው» «አው»ን ውሰዱ፤ ጃው። ዛሬም ይሠራል።

በእርግጥ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው አነጋገር የዛሬው ማንዳሪን አይደለም። ያ ድምፅ በደቡብ ቻይናና በጎረቤት አገሮች ልዩ ልዩ መልክ ይዞ ቀርቷል። ጃፓኖች «ሾ» ይሉታል፣ ኮሪያውያን «ጆ»፣ የካንቶን ተናጋሪዎች «ጂው»፣ ቬትናሞች «ቺየው»። አምስቱም ከአንድ ምንጭ የፈለቁ ናቸው።

አሁን ደግሞ ስም ብቻ ሆኖ እንዳልቀረ እንይ። በቀድሞዋ ቻይና የነገሠ ሰው ስም እንደልብ አይጻፍም፣ አይነገርም ነበር። ነውር ነበር፣ ያስቀጣም ነበር። በንጉሡ ስም ውስጥ የተለመደ ቃል ካለ ሕዝቡ ያንን ቃል መተው ነበረበት። በታይዞንግ ስም ውስጥ «ሕዝብ» የሚል ፊደል ስለነበረ የሕዝብ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስሙ ተለውጧል።

«ታዲያ እሷ ማንም የማይጠቀምበት ፊደል ስለወሰደች ሕዝቡን ከዚህ ገላገለችው» ትሉ ይሆናል። ጽሕፈቱን በተመለከተ እውነት ነው። ከድምፁ ግን አላመለጠም። የንጉሥ አዋጅ በቻይንኛ «ጃው» ነበር የሚባለው፤ ፊደሉ ሌላ ነው፣ ድምፁ አንድ ነው። ስለዚህ አዋጅ ሁሉ «ጂ» በሚል ሌላ ቃል ተተካ። ከ200 ዓመት በፊት የሞተ ባው ጃው የሚባል ገጣሚ እንኳ አልተረፈም። የታንግ ጸሐፍት የስሙን ፊደል በሌላ ተመሳሳይ ፊደል ለወጡት። ምስኪኑ ገጣሚ በብዙ መጻሕፍት ውስጥ ስሙ የራሱ ባልሆነ ፊደል ሲጻፍ ኖረ።

አብረውት ወይም ከእሱ በኋላ የታወጁት ሌሎቹ ፊደላት እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ይናገራሉ። ምድር ተራራ፣ ውሃና አፈር ከላይ ወደ ታች ተደራርበው ሆነች። ኮከብ አንዲት ክብ ብቻ ሆነች። (ይህችው ክብ ዛሬ በቻይንኛ ቁጥር ዜሮ ናት፤ ዜሮዋ ግን በሌላ መንገድ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው የመጣችው።) ሰው «አንድ» እና «ሕይወት» ሆነ፤ አንድ ዕድሜ ያለው ማለት ነው። ይሄ ልቤን ይነካዋል።

ግን ከሁሉም ይበልጥ ፖለቲካ ያለው የ«ሹም» ፊደል ነው። አዲሱ ፊደል ከላይ «አንድ»፣ ከሥር «ታማኝነት» ነው። በዚያ ዘመን ሹም ለንጉሥ ሲጽፍ «እኔ» አይልም፤ «ሹምህ» ነው የሚለው። ስለዚህ ከ689 በኋላ ደብዳቤ የሚጽፍ ባለሥልጣን ሁሉ ራሱን በጠቀሰ ቁጥር በእጁ «አንድ ታማኝነት» ብሎ ይጽፋል። ቢወዳትም ባይወዳትም።

«አገር» የሚለው ላይ ደግሞ በኋላ ዘመን መጻሕፍት የሚነገር ታሪክ አለ። የድሮው ፊደል በአጥር የተከበበ ነው። አንድ ሰው «በአጥሩ ውስጥ የቤተሰብሽን ስም፣ ‹ዉ›ን እናግባ» አላት። ደስ አላት። ሌላው ግን መጥቶ «በአጥር ውስጥ የገባ ሰው እኮ እስረኛ ነው!» አለ። እውነትም የቻይንኛው የ«እስረኛ» ፊደል ሰው በአጥር ውስጥ ነው። ደነገጠችና አስለወጠችው፤ በአጥሩ ውስጥ «ስምንት አቅጣጫ» የሚሉ ቃላት ገቡ። ታሪኩ ቢጋነንም የፊደሉ መልክ እውነት ነው፤ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይታያል።

በ705 ባለሥልጣናት ተነሱባት። ከ80 ዓመት በላይ ሆኗት ታማ ተኝታለች። ዙፋኑን ለልጇ ለቀቀች፣ ታንግ ተመለሰ፣ በዚያው ዓመት ሞተች። ፊደሎቿም መተው ጀመሩ። በአንድ ጊዜ ግን አልጠፉም። በ837 ሌላ ንጉሠ ነገሥት 12ቱ ፊደላት ቀርተው በድሮዎቹ እንዲጻፍ ማዘዝ አስፈልጎታል። ከ130 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ለታሪክ ተመራማሪዎች ይህ እንደ ሰማይ መና ነው። በ1900 በዱንኋንግ ዋሻዎች ውስጥ ተዘግቶ የቆየ ክፍል ተገኘና በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና ያህል ያረጁ የወረቀት ጥቅልሎች ወጡ። ብዙዎቹ ዓመተ ምሕረት የላቸውም። ነገር ግን ጽሑፉ ውስጥ የእሷ ፊደላት ካሉ ወረቀቱ ከእሷ ዘመን በፊት ሊጻፍ እንደማይችል ይታወቃል። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ ዘመኑ ካለፈ በኋላም ከድሮ ቅጂ እያየ እንዳለ የገለበጠ ጸሐፊ አይጠፋም።

ከፊደላቱ መካከል ሁለቱ ዕድላቸው ተለየ። ስምንት አቅጣጫ ያለው «አገር» ጃፓን ገባ። የሚቶ ገዥ የነበረውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቶኩጋዋ ሚትሱኩኒ ስሙን በዚያ ፊደል ጻፈ። ዛሬም ጃፓኖች ስሙን ሲጽፉ ከቻይና ንግሥት የወጣውን ፊደል ይጽፋሉ።

ሌላው «ጃው» ነው። ሳይጠፋ የኖረበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኮከብ፣ ምድር፣ ሹም የየራሳቸው የድሮ ፊደል ስላላቸው ወደዚያው ተመለሱ። «ጃው» ግን የሰው ስም ነው። ሊሰድቧት የፈለጉ የታሪክ ጸሐፊዎች እንኳ ስሟን ሲያነሱ እሱን ይጽፋሉ። ዛሬ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ አለ፤ የቻይና ወጣት ድምፁን ሲመታ ከዝርዝሩ ወደ ታች ወርዶ ያገኘዋል።

«ዉ ዘትየን» የሚለውን ስም እሷ አላወጣችውም። «ዘትየን» ከዙፋን ስትወርድ ልጇ ከሰጣት የክብር መጠሪያ የመጣ ነው፤ ሰማይን የምትከተል ማለት ነው። እሷ ለራሷ የመረጠችው «ጃው»ን ነው።

ከሺአን ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከባሏ ጋር በተቀበረችበት ኮረብታ፣ ከ7 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። ሲተከል አንድም ፊደል አልነበረበትም። ለምን ባዶ እንደተተወ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በኋላ ያለፉ መንገደኞች ግን የራሳቸውን ጻፉበት። በ1134 የአንድ ንጉሥ ወንድም ጉብኝቱን በሁለት ቋንቋ አስቀረጸ፤ በቻይንኛና ዛሬ በጠፋው የኪታን ጽሕፈት። ያ ጽሑፍ የኪታንን ፊደል ለሚፈቱ ሊቃውንት ከዋና መመሪያዎቻቸው አንዱ ሆኗል።

ስሟን ማየት የሚፈልግ ግን ወደ ዠንግዡ፣ ወደ ሄናን ሙዚየም ይሂድ። በ1982 አንድ ገበሬ ሶንግ ተራራ ላይ ቀጭን የወርቅ ሰሌዳ አገኘ። በ700፣ ንግሥቲቱ አርጅታ ሳለች፣ መልእክተኛዋ ለተራራው አማልክት የወረወረው ነው። 63 ፊደላት አሉበት። ስሟ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። መጀመሪያ ላይ «የታላቁ ጆው አገር ጌታ ዉ ጃው» ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ አማልክቱን ትለምናለች፦ የዉ ጃውን ኃጢአት ከመዝገብ ፋቁልኝ።